የአንድ አሮጌ ቶርኖ ጥገና፦ ከአንገቱ ብሮንዚና እስከ ባለ 21 ጥርሷ ማርሽ

ይህ የጉዳይ ጥናት ለዓመታት ሳይሠራ የቆየን አንድ ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢዬ፣ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ሥራ የመለስኩበትን ሂደት ይመለከታል። ማሽኑ ማይፎርድ ኤም ኤል 7 ይባላል። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም አጠገብ ባለችው ቢስተን ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይመረት የነበረ፣ ለትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን ለትምህርት ቤት፣ ለአነስተኛ የጥገና ክፍልና በቤቱ ለሚሠራ ሰው የታሰበ ቶርኖ ነው። ከአልጋው (ሰረገላው ከሚሄድበት ሐዲድ መሰል መሠረት) እስከ ዋናው ዘንግ (ሥራውን ይዞ የሚዞረው) መሐል ያለው ቁመት ሦስት ኢንች ተኩል፣ ማለትም 89 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስድስት ፍጥነቶች አሉት፤ ዝቅተኛው በደቂቃ 35 ዙር፣ ከፍተኛው 640 ዙር ነው። ልኬቱ ሁሉ በኢንች መሆኑ በኋላ እንደሚታየው የጉዳዩ ዋና እንቅፋት ሆኗል።

ማሽኑን ያገኘሁት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን ለማከራየት ክፍሎቹን ሲያስለቅቁ ከነበሩ የሠፈራችን እናት ነው። ሙያተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ አስጠሩኝና «ልጄ፣ ይኼን ብረት ለቆራሌው ከምሰጠው አንተ ወስደህ ብትሠራበት የሱም ነፍስ ደስ ይላታል» አሉኝ። እትዬ የጠየቁኝ ዋጋ ከቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከማሽኑ ጋር ማንድሪኖውን (የሚሠራውን ብረት ነክሶ የሚይዘውን)፣ የተወሰኑ መቁረጫዎችንና በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የተጠራቀሙ ማርሾችን ሰጡኝ። ጣሳውን ስዘረግፈው ማርሾቹ ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆነው መገኘታቸው ከማሽኑ ባልተናነሰ አስደሰተኝ፤ ባለ 20፣ 25፣ 30፣ 40፣ 45፣ 50 እና 60 ጥርሶቹ ሁሉም ነበሩ።

ወደ ቤት አምጥቼ ስመረምረው ያገኘኋቸው ጉድለቶች አራት ነበሩ። ማንድሪኖውና መቁረጫውን ተሸክሞ በአልጋው ላይ የሚሄደው የሰረገላው ክፍሎች ዝገዋል። ዋናው ዘንግ በብሮንዚናው (አቅፎ በሚያዞረው መያዣ) ውስጥ ይወዛወዛል፤ ከማንድሪኖው ሥር እንጨት አስገብቼ ወደ ላይ ስጫነው ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካው ዳያል ጌጅ 0.12 ሚሊሜትር አሳየ። መቁረጫውን ወደ ሥራው የሚያቀርበው መንሸራተቻ ዳዶው (ቪቴው ውስጡ የሚዞርበት ክፍል) ተበልቷል፤ እጀታው ላይ ያለው ቀለበት በ100 የተከፈለ ሲሆን መንሸራተቻው ንቅንቅ ከማለቱ በፊት 28 ክፍል ያህል በባዶ ይዞራል። አንዱ ክፍል የኢንች አንድ ሺሕኛ ስለሆነ ይህ 0.7 ሚሊሜትር ማለት ነው። አራተኛው ጉድለት የእርጅና ሳይሆን የትውልድ ነው፦ በማርሾች ከዋናው ዘንግ ጋር ተያይዞ እየዞረ ሰረገላውን የሚጎትተው ረጅሙ ቪቴ በአንድ ኢንች ውስጥ 8 ፊሌት (ጠመዝማዛ ጥርስ) ያለው በመሆኑ፣ እኛ አገር ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን ባለ ሚሊሜትር ቡሎን ፊሌት ማውጣት አይችልም። የሙያችን ቋንቋ ከጣሊያን፣ ማሽኑ ከእንግሊዝ፣ ቡሎኖቻችን ደግሞ ከሌላው ዓለም መምጣታቸው እዚህች ቦታ ላይ ይገናኛል።

ዝገቱ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። የሚፈቱትን ክፍሎች በልብስ ሶዳ ውኃ ውስጥ ከባትሪ ቻርጀር አሉታዊ ሽቦ ጋር አያይዤ፣ በአዎንታዊው በኩል ተራ የብረት ቁራጭ አድርጌ አሳደርኳቸው፤ ጠዋት ዝገቱ ወደ ጥቁር ጭቃ ተለውጦ በብሩሽ ተነሣ። ለዚህ ሥራ በአዎንታዊው በኩል ስቴንለስ ብረት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ከውስጡ የሚወጣው ክሮሚየም መርዛማ ውሁድ ይፈጥራል። በሂደቱ የሚወጣው ጋዝም ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው ደጅ ላይ መሠራት አለበት። አልጋውን ግን በናፍጣና በጨርቅ ብቻ ነው ያጸዳሁት፤ የተስተካከለን የአልጋ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ትክክለኛነቱን አብሮ መፈተግ ነው።

ቅደም ተከተሉ

ካጸዳሁት በኋላ ቀለሙን ለመቀባትና ወዲያው ወደ ማርሽ ሥራ ለመግባት ነበር የቸኮልኩት። ያስቆሙኝ ቶርኖ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ማሽኑን ለማየት መጥተው ማንድሪኖውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አደረጉትና «መጀመሪያ አንገቱን አጥብቅለት። አንገቱ የሚወዛወዝ ቶርኖ የሚወልደው ሁሉ ይወዛወዛል» አሉኝ። ይህች ንግግራቸው የጠቅላላ ሥራውን ቅደም ተከተል ወሰነች። በቤት ውስጥ ጥገና ዋናው ችግር የጎደለውን ክፍል የሚሠራልህ ሌላ ማሽን አለመኖሩ ነው፤ መለዋወጫውን የሚሠራው ራሱ የታመመው ማሽን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት የትኛው ሕመም ወደሚሠራው ክፍል ይተላለፋል፣ የትኛውስ በሠራተኛው ጥንቃቄ ሊታገድ ይችላል የሚለው ነው። የመንሸራተቻው ዳዶ ልልነት በእጅ ሊሸነፍ ይችላል፤ እጀታውን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞሩ ከቀረቡ ልልነቱ በልኬቱ ውስጥ አይገባም። የዘንጉ መወዛወዝ ግን በየዙሩ ቦታውን ስለሚቀያይር ጥንቃቄ አይገዛውም።

የኤም ኤል 7 ዘንግ የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ሳይሆን እንደ መኪና ሞተር ነጭ ብረት ከሚባል ለስላሳ ቅይጥ በተሠራ ብሮንዚና ውስጥ ነው። የብሮንዚናው ክዳን ከሥሩ፣ በሁለቱም ወገን፣ ከስስ ንብርብሮች የተሠራ ስፔሶር ተቀምጦለታል፤ ብሮንዚናው ሲበላ አንድ ንብርብር ተልጦ ይነሣና ክዳኑ ያን ያህል ዝቅ ይላል። ክዳኑን ስከፍት ግን በመጀመሪያ ያየሁት የብልሽቱን መንስኤ ነበር። የዘይት ማንጠባጠቢያዎቹ በግሪስ ተደፍነዋል። ለኩሽኔታ መድኃኒት የሆነው ግሪስ እንዲህ ላለው ብሮንዚና መርዝ ነው፤ በዘንጉና በነጩ ብረት መካከል ስስ የዘይት ሽፋን ሊኖር ሲገባው፣ የደረቀው ግሪስ መንገዱን ዘግቶ ዘንጉን በደረቅ አዙሮታል። ይህን ሳላይ ስፔሶሩን ብቻ አስተካክዬ ብዘጋው ኖሮ ብሮንዚናው በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ይበላ ነበር።

ማንጠባጠቢያዎቹን በናፍጣ አጥቤ፣ የዘይት ቦዮቹን በሽቦ ከፍቼ፣ ዘንጉ ላይ ሰማያዊ የዘይት ቀለም በስሱ ቀባሁና በብሮንዚናው ውስጥ አዞርኩት። ቀለሙ የያዘው ከብሮንዚናው ገጽ ግማሹን ብቻ ነበር። ከአሮጌ ሦስት ማዕዘን ሞረድ በሠራሁት መፋቂያ ቀለም የያዙትን ቦታዎች እየነካካሁ፣ እንደገና እየቀባሁ፣ ቀለሙ በአብዛኛው ገጽ ላይ በነጠብጣብ እስኪዳረስ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ከዚያ ስፔሶሩን መላጥ ጀመርኩ። በማይክሮሜትሬ የአንዱ ንብርብር ውፍረት 0.05 ሚሊሜትር ነበር፤ ስለዚህ ለ0.12 ልልነት በየወገኑ ሁለት ንብርብር ማንሣት ይበቃ ነበር። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ተጣብቆ አብሮ ወጣ፤ ምንም አይደለም ብዬ ክዳኑን አጠበቅሁት። ማሽኑ ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይዞር ክዳኑ እጅ የማያስነካ ሆነ። ወዲያው አጠፋሁት፤ የተላጠውን ንብርብር በሁለት መስታወት መካከል ተጭኜ አቃንቼ መለስኩት። ከዚያ በኋላ ልልነቱ 0.02 ሚሊሜትር ሆነ፤ በ640 ዙር ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ክዳኑ ለብ ከማለት አላለፈም።

የመንሸራተቻው ዳዶ

ዳዶው በውስጡ የያዘው ፊሌት በኢንች 10፣ ጎኖቹ በ29 ዲግሪ የተከፈቱ ባለ ጠፍጣፋ ጫፍ ፊሌት ነው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ መቁረጫ አስገብቶ ከውስጥ መቁረጥ ያስቸግራል፤ ማስኪዮ (በቀዳዳ ውስጥ ፊሌት የሚቆርጥ ቡሎን መሰል መሣሪያ) ያስፈልገዋል፣ ያ ማስኪዮ ደግሞ ከሱቅ አይገኝም። ስለዚህ ማስኪዮውን መሥራት ነበረብኝ። ለማስኪዮው የመረጥኩት ብረት ከተጣለ የመኪና ሞላ ነው። አንጥረኛ ዘንድ አሙቄ አቀናሁትና ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አመድ ውስጥ ቀብሬ አሳደርኩት፤ ያለዚህ ምንም መቁረጫ አይደፍረውም ነበር። ረጅሙ ቪቴ 8 ፊሌት ስላለው፣ 10 ለማውጣት በዘንጉ በኩል ባለ 40፣ በቪቴው በኩል ባለ 50 ጥርስ ማርሽ ማሰር በቂ ነው። ፊሌቱን ወደ ጫፉ ሾጠጥ አድርጌ በረጅሙ ሠራሁት፤ ሥራውን ጥርሶቹ ተካፍለው እንዲቆርጡ ነው። ትልቁን ዲያሜትር ደግሞ ከመንሸራተቻው ቪቴ 0.2 ሚሊሜትር አስበለጥኩት። የቁርጥራጭ መውጫዎቹን አራት ቦዮች በድቡልቡል ሞረድ አወጣሁ።

ማጠንከሩ የተሠራው ምሽት ላይ ነው፤ ቀን ላይ የብረት ግለት ዓይንን ያታልላል። ከሰሉ ውስጥ ማግኔት የማይስበው እስኪሆን አገልኩትና ጥቂት ጨምሬ ቀጥ አድርጌ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። በዚህ ደረጃ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ገጹን አጽድቼ አወለወልኩትና ከጀርባው በኩል በቀስታ አሞቅሁት። በነጣው ብረት ላይ መጀመሪያ እንደ ገለባ የገረጣ ቢጫ ቀለም መጣ፤ ከእጀታው ተነሥቶ ወደ ጥርሶቹ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ቢጫው የመጨረሻው ጥርስ ላይ ሲደርስ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። ወደ ሰማያዊ ቢያልፍ ጥርሱ ይለሰልሳል፣ ቀደም ብሎ ቢቆም ይሰበራል፤ ያችን ቅጽበት መጠበቅ ከጠቅላላ ሥራው እጅግ የምወደው ክፍል ነው።

ለዳዶው የሚሆነውን ብሮንዞ ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ሻጩ ሁሉንም «ናስ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ በሞረድ ጫር ሳደርገው ግን ከስር የወጣው ቀለም ቢጫ ሳይሆን ቀላ ያለ ስለነበር ብሮንዞ መሆኑን አወቅሁ። ማስኪዮው ሳይሰበር ሥራውን ጨረሰ። አዲሱ ዳዶ ሲገጠም በባዶ የሚዞረው ክፍል ከ28 ወደ 3 ወረደ፤ በቪቴው መሐል ላይ ግን 6 ነው፣ ምክንያቱም ቪቴውም ብዙ የሠራው በመሐሉ ስለሆነ እዚያው ቀጥኗል። ዳዶውን ለመሐሉ ባጠብበው ኖሮ ጫፍ ላይ ይነክስ ነበር፤ ስለዚህ እንዳለ ተውኩት።

ባለ 21 ጥርሷ ማርሽ

አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ ባለ ኢንች ቶርኖ ላይ የሚሊሜትር ፊሌት በትክክል ለማውጣት ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ያስፈልጋል። የዚህ ማሽን ማርሾች በዲያሜትራቸው በአንድ ኢንች 20 ጥርስ የሚይዙ ስለሆኑ ባለ 127ቱ ወደ 164 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ለዚህ ትንሽ ቶርኖ የማርሽ ቤት አይመችም። አንዳንድ ሰው 1.5 ሚሊሜትር ፒች (ከአንዱ ፊሌት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ሲቸግረው በኢንች 17 ፊሌት ቆርጦ ያልፋል። 25.4 ለ17 ሲካፈል 1.494 ስለሚሰጥ በወረቀት ላይ ቅርብ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን ዳዶው ጥቂት ዙር ገብቶ ሊነክስ ይችላል።

መፍትሔው ባለ 21 ጥርስ ማርሽ ነው። የረጅሙ ቪቴ አንድ ፊሌት 3.175 ሚሊሜትር ነው። 21ን በ40፣ 45ን ደግሞ በ50 ላይ ብናስር (21 እና 45 አንቀሳቃሽ፣ 40 እና 50 ተንቀሳቃሽ ሆነው) የሚወጣው ፒች 1.5002 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ100 ሚሊሜትር ርዝመት ስሕተቱ የሚሊሜትር ሰማንያኛ ብቻ ነው። 21 በ40 እና 45 በ60 ለባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን የሚሆነውን 1.25 ይሰጣል። ለባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን 1.75 ለማግኘት ግን ሁለት ባለ 21 ያስፈልጋሉ፤ አንዱ በ20፣ ሌላው በ40 ላይ። ስለዚህ ከአንድ ረዘም ያለ የናስ ዘንግ ጥርሶቹን በአንድ ጊዜ አውጥቼ በኋላ ለሁለት ልቆርጠው ወሰንኩ። የውጭ ዲያሜትሩ 29.21፣ የጥርሱ ጥልቀት 2.74 ሚሊሜትር ነው።

ፍሬዛ (በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) የለኝም፤ ዙሪያን የሚከፋፍል መሣሪያም የለኝም። ለመከፋፈሉ የተጠቀምኩት የብስክሌት ሰንሰለት ነው። የብስክሌት ሰንሰለት ከፒን ወደ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 84 ፒን ያለው ቁራጭ ሲዘጋ አራት አራት ፒን እየዘለሉ ቢቆጥሩት 21 እኩል ቦታ ይወጣዋል። ከኮምፔንሳቶ 331 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርጬ በዘንጉ የኋላ ጫፍ ላይ አሰርኩትና ሰንሰለቱን በዙሪያው ጠመጠምኩ። አሮጌ ሰንሰለት ወጣ ገባ ሆኖ ስለሚለጠጥ አዲስ ነው የገዛሁት። ልጄ በየአራተኛው ፒን ላይ በኩቴክስ ምልክት አደረገችልኝ፤ ከጠረጴዛው ጋር የተበየደ ሹል ፒን ምልክቱ ባለበት ቦታ እየገባ ዘንጉን ይቆልፈዋል። የሰንሰለቱ ክብ ከማርሿ ከ12 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ በሰንሰለቱ ላይ የሚፈጠር የ0.3 ሚሊሜትር ስሕተት ጥርሱ ላይ ሲደርስ 0.02 አካባቢ ብቻ ይሆናል።

ለመቁረጥ ደግሞ ሰረገላውን ራሱን ተጠቀምኩ። ዘንጉ ተቆልፎ ቆሞ፣ የጥርስ መሐል ቅርጽ ያለው መቁረጫ በጎኑ ተኝቶ ሰረገላው ላይ ይታሰራል፤ ሰረገላውን በእጅ እያስኬዱ በየምልልሱ 0.1 ሚሊሜትር ይፋቃል። የመቁረጫውን ቅርጽ የወሰድኩት ከባለ 25 ጥርሱ ማርሽ ነው፤ በማርሽ ቆረጣ ሥርዓት ከ21 እስከ 25 ጥርስ ያሉት አንድ ዓይነት መቁረጫ ይጋራሉ። መቁረጫውን በማርሹ ጥርሶች መካከል እያስገባሁ ወደ መስኮት ይዤ አየሁት፤ በሁለቱም ጎን የብርሃን ጭላንጭል እስኪጠፋ በዘይት ድንጋይ ሳልሁት።

በናሱ ላይ ከመጀመሬ በፊት በወይራ እንጨት ሞከርኩ፤ ይህ ሙከራ ባይኖር ናሱን አበላሸው ነበር። ሃያ ጥርሶች ያማሩ ሆነው ሃያ አንደኛው ቀጥኖ ወጣ። የኮምፔንሳቶው ክብ በጥቂቱ አንሶ ስለነበር ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ላይ ረግቦ ነበርና ሙሉ ስሕተቱ እዚያች ጥርስ ላይ ተከማችቷል። በክቡ ላይ ወረቀት እየጠቀለልኩ ሰንሰለቱ ያለ ርግበት እስኪዘጋ አሰፋሁትና ሁለተኛውን እንጨት ሠራሁ፤ ሁሉም እኩል ሆኑ። ከዚያ ናሱ ገባ። ለእያንዳንዱ ጥርስ መሐል 28 ምልልስ፣ በድምሩ 588 ምልልስ፣ ሁለት ምሽት። ናስ ሲፋቅ የሚያወጣው ስስ ድምፅ አለ፤ መቁረጫው ሲደክም ድምፁ ወደ መንቀርቀር ይለወጣል፣ ያን ጊዜ ማቆምና መሳል ነው። በመጨረሻም ዘንጉን ለሁለት ቆርጬ፣ የቁልፍ ቦዩን በዚያው በሰረገላው አፋፋቅ አወጣሁ።

በእነዚህ ማርሾች ፊሌት ሲወጣ መጠበቅ ያለበት አንድ ሕግ አለ። ቪቴው የኢንች፣ ፊሌቱ የሚሊሜትር ስለሆነ ግማሽ ዳዶውን (ሰረገላውን ከረጅሙ ቪቴ ጋር የሚያያይዘውን) ከፍቶ ሰረገላውን በእጅ መመለስ አይቻልም፤ ሁለተኛው ቁርጥ ከመጀመሪያው መንገድ ይወጣል። ግማሽ ዳዶው እስከ መጨረሻው ተዘግቶ መቆየት፣ መቁረጫው ከሥራው መራቅ፣ ዘንጉም ወደ ኋላ መዞር አለበት። የዚህ ማሽን ማንድሪኖ ደግሞ በዘንጉ ላይ በፊሌት የሚታሰር ስለሆነ ሞተሩን ወደ ኋላ ማስነሣት ማንድሪኖውን ፈትቶ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በዘንጉ የኋላ ቀዳዳ ውስጥ እየተወጠረ የሚታሰር የእጅ ማዞሪያ ሠራሁ፤ ፊሌቱን ሁሉ የማወጣው ሞተሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ በእጄ እያዞርኩ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን መቁረጫው ብረቱን ሲይዝ በክንዴ ይሰማኛል፣ የሥራው ትከሻ (ፊሌቱ የሚያበቃበት ደረጃ) ላይ ሲደርስም በፈለግሁት ቦታ ይቆማል።

የመጀመሪያው ሥራ 60 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ባለ 10 ሚሊሜትር ብረት ላይ የ1.5 ፒች ፊሌት ማውጣት ነበር። ጋሼ በዕለቱ ነበሩ። ቁርጡ ሲያልቅ ቆሻሻውን በብሩሽ አነሣሁለትና ጠዋት ከሱቅ የገዛኋትን ዳዶ ሰጠኋቸው። በሁለት ጣታቸው ጫፉ ላይ አስያዟትና አንድ ጊዜ ገፋ አደረጓት፤ ያለ ምንም መንከስ እየተሽከረከረች ትከሻው ድረስ ገባች። ፈቱና ገልብጠው በሌላው ወገኗ አስገቧት፤ አሁንም ገባች። «በል እንግዲህ ባለ 12ቱን ቁረጥ» ብለው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

ከማሽኑ ያልታረመው አልጋው ነው። ከማንድሪኖው አጠገብ ባለው ክፍሉ 0.06 ሚሊሜትር ተበልቷል፤ ሰረገላውን እዚያ ላይ ባጠብቀው ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ ይይዛል። ለማስተካከል አልጋውን ፈትቶ ለግራይንደር መውሰድ ስለሚጠይቅ ለጊዜው አጫጭር ሥራዎችን ብቻ እቀበላለሁ፤ ረዥም ዘንግ ሲመጣ በየ50 ሚሊሜትሩ እየለካሁ ልዩነቱን በሞረድ አወጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ልቀባው የገዛሁት አረንጓዴ ቀለም እስከ ዛሬ አልተከፈተም።